አንድ ዘፈን ብቻ ያለበት ሚሞሪ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ የሰውን ሆድ ከሐኪም ቀድሞ የሚያውቅ ካለ እኔ ነኝ ብዬ አምን ነበር። ሐኪም ቤት ሰው የሚሄደው ሲያመው ነው፤ እኔ ሱቅ ግን ጤነኛውም ይመጣል። ሚሞሪውን ከስልኩ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ያስቀምጥና "እስቲ ዘፈን ጫንልኝ" ይላል። "ምን ዓይነት?" እለዋለሁ። ያኔ የሚሰጠኝን መልስ ሚስቱም አታውቀው፤ ንስሐ አባቱም ሆኑ ሼሁ አያውቁት።

ንግዱን የጀመርኩት አስፋልት ዳር ጆንያ አንጥፌ ካሴት በመደርደር ነው። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ትቼ የቀረውን መናኸሪያ ተማርኩ። ካሴት ሞተ፣ ሲዲ መጣ፤ ሲዲ ሞተ፣ ፍላሽ መጣ። እኔ አለሁ። አሁን ዘፈን እጭናለሁ፣ የባጃጅ ቴፕ ከነስፒከሩ እገጥማለሁ፣ ለሠርግ ሞንታርቦ ከነጄኔሬተሩ አከራያለሁ፣ ቻርጀር፣ ገመድ፣ ፊውዝ እሸጣለሁ። "ኦርጅናል ነው?" ብሎ ለሚጠይቀኝ "የኦርጅናሉ ወንድም ነው" እላለሁ። ሰው ይስቅና ይገዛል። ውሸት አልተናገርኩም፤ ወንድማማች ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ማንም ያውቃል።

ደንበኞቼን የምለየው በሚያስጭኑት ነው። ወደ ግሸን ተሳላሚ የሚያመላልሱ ሾፌሮች ሲሄዱ መዝሙር፣ ሲመለሱ ሌላ ነገር ያስጭናሉ፤ ምን ገጠማችሁ ብዬ አልጠይቅም። መንዙማና መዝሙር በአንድ ፍላሽ የሚያስጭን ሾፌርም አለኝ። በመስተዋቱ ተሳፋሪውን ቃኝቶ፣ የበዛው የትኛው እንደሆነ አመዛዝኖ ይከፍታል። ከሐይቁ ዓሣ የሚያወጡት ጎረምሶች ጭፈራ ይወዳሉ፤ ሚሞሪያቸው ሁልጊዜ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።

ከሁሉ በላይ የሚሄደው ግን ፉከራ ነው። የድሮው አይደለም፤ ቀረርቶውም ሽለላውም ከኪቦርድ ጋር ተቀቅሎ እንደ አዲስ የወጣው ነው። ጦርነቱ በዚህ መንገድ መጥቶ በሄደበት ዓመት ሌላ የሚያስጭን ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ሸሽተን ከርመን ተመልሼ ሱቄን ሳየው ስፒከሮቼ በሙሉ የሉም። ፉከራው ያለበትን ፍላሽ ግን ወለል ላይ ወድቆ አገኘሁት። ዕቃዬን የወሰዱት ሰዎች የራሳቸው ነበራቸው መሰለኝ።

ከጎኔ ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጡ ጡረታ የወጡ አስተማሪ አሉ። ግድግዳችን ቆርቆሮ ስለሆነ የምጭነውን ሁሉ አብረውኝ ይሰማሉ።

"ይሄ የምትጭነው ነገር አንድ ቀን ሰው ያስገድላል" ይሉኛል።

"ጋሼ፣ እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰምቼው ከአንዲት ፍየል በቀር የመታሁት የለም።"

"ፍየሏ ምን አደረገችህ?"

"ገመድ በላችብኝ።"

"አየህ!" ይላሉ፣ ጣታቸውን ቀስረው።

ይሄ ክርክራችን ለዓመታት ቀልድ ነበር። ቀልድነቱን ያጣው በአንድ ባለባጃጅ ምክንያት ነው።

ባለባጃጁ ሠላሳውን ያለፈ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ትውልዱ ከአምባሰል ተራራ ሥር ካለች አንዲት መንደር ነው። እዚያው መንደር ታላቅ ወንድሙን በመስኖ ውሃ ተራ የተጣላው ጎረቤት በአካፋ መትቶ ገደለበት። ገዳዩ ተፈርዶበት ታሰረ። ሟቹ ሚስቱንና አንዲት ሴት ልጅ ትቶ ነበር የሞተው፤ ልጅቷን እንደ አባት ሆኖ ያሳደጋት ባለባጃጁ ነው።

ገዳዩ ታስሮ በቆየባቸው ዓመታት ሁሉ ባለባጃጁ በየወሩ እየመጣ አዲስ የወጣ ፉከራ ያስጭን ነበር። ቴፑን የገጠምኩለት እኔ ነኝ። ሲከፍተው ገና ከእስጢፋኖስ መታጠፊያ ይሰማል። ተሳፋሪ "ኧረ በአላህ ቀንስልን" ሲለው "ጆሮህን ይዘህ ውረድ" ይል ነበር። አስተማሪው "ይሄ ልጅ ራሱን እያሟሸ ነው" ይሉኛል። እኔ ደግሞ ከሱ የበለጠ ሰላማዊ ባጃጅ ነጂ አላየሁም እላለሁ። እውነቴን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስለ ደም ሲያስጮህ ይውልና ማታ ዳቦ ገዝቶ ቤቱ ይገባል።

ከዚያ ገዳዩ ጊዜውን ጨርሶ ተፈታ። በሁለተኛው ወር ባለባጃጁ ሚሞሪውን ይዞ መጣ።

"ሁሉንም አጥፋልኝ" አለኝ።

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም። አንዲት ብቻ ጫንልኝ።"

የጠየቀኝ ዘገም ያለ የአምባሰል ዜማ ነው። አንድ ሰው በማሲንቆ ብቻ የሚለው፣ ስለ ወንዝ ዳርና ስለ ሄደ ሰው የሚያወራ፣ ከካሴት የተገለበጠ፣ የካሴቱ ሹሹታ ያልለቀቀው አሮጌ ዘፈን። ሽማግሌ እንጂ የሱ እኩያ አስጭኖት አያውቅም።

"ስምንት ጊጋ ላይ አንድ ዘፈን? ለአንዲት ዶሮ አይሱዙ መከራየት ነው" አልኩት።

አልሳቀም። "እንዳይጠፋብኝ በደንብ ጫነው" ብሎ ወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባጃጁ በሱቄ በር ሲያልፍ ያቺ ማሲንቆ ብቻ ትሰማ ጀመር፣ ያውም ዝግ ብላ። አስተማሪው ደስ አላቸው። "አየህ፣ ፉከራውን ሲተው ሰው ሆነ" አሉኝ። እኔም ሳልወድ ተስማማሁ።

ትንሽ ቆይቶ አንድ ሽማግሌ ሱቄ መጡ። በእኛ አገር ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎች አሉ፤ አበጋር ይባላሉ። ፍርድ ቤት ገዳይን ያስራል፤ ሲፈታ የሟች ወገን መንገድ ላይ እንዳይጠብቀው የሚያደርጉት ግን እነሱ ናቸው። እኚህ ሽማግሌ የሁለቱን ቤተሰብ እርቅ ይዘው ወራት ደክመዋል። የሟቹ ልጅና የገዳዩ የወንድም ልጅ ቀድሞም ዓይን ለዓይን ተያይተው ኖሮ፣ ሽማግሌው ያንን ሰምተው እርቁ በሠርግ እንዲታሰር አደረጉ። የሠርጉ ቀን ገዳዩ በሽማግሌው እጅ ተይዞ ወደ ዳሱ ይገባል፤ ከባለባጃጁ ጋር ከአንድ ማዕድ ይቆርሳል፤ ደሙ ደረቀ ማለት ነው።

"አሰላሙ አለይኩም" ብለው ገቡና ሞንታርቦዎቹን የሰው ውሻ እንደሚያይ ሰው ዞር ብለው አዩዋቸው።

"ወአለይኩም ሰላም አባባ፣ አረፍ ይበሉ።"

"ሠርጉን የምታጫውት አንተ ነህ አሉኝ።"

"አዎ፣ አባባ።"

"ፉከራ እንዳታሰማብኝ። ደም የሚደርቅበት ቤት አይፎከርም።"

"ገብቶኛል። አንድም አይኖርም።"

ይሄዳሉ ስል አልሄዱም። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ያ የልጅቷ አጎት፣ ባለባጃጁ፣ ምንድነው የሚሰማው?"

"እሱን እኔን ይጠይቁኛል?"

"ማንን ልጠይቅ? ፊቴ ሲቀመጥ 'እሺ አባባ' ይለኛል እንጂ ሌላ ቃል አይወጣውም። አንተ ዘንድ ግን ይመላለሳል አሉኝ። ስማኝ ልጄ፣ የዚያን ሰውዬ እጅ ይዤ አጎቷ ፊት የማቆመው እኔ ነኝ። በርዷል ካልከኝ አስገባዋለሁ። አልበረደም ካልከኝ ሌላ ዓመት እጠብቃለሁ።"

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። ደረቴ ሰፋ ብል መዋሸት አይደለም። አስፋልት ላይ ጆንያ ያነጠፍኩ ሰውዬ፣ ዛሬ አበጋር ምስክርነት ጠየቀኝ!

"በርዷል አባባ" አልኳቸው። "ፉከራውን በሙሉ አስጠፍቶኛል። አሁን የሚሰማው አንዲት ቀዝቃዛ አምባሰል ናት።"

እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። "አልሐምዱሊላህ!" አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ምሳ ላይ ለሚስቴ ነገርኳት። እንደኔ ደስ አላላትም።

"አንተ የሰው ሆድ በሚሞሪ ታያለህ እንዴ?"

"ታዲያ በምን ይታያል?"

"አባቴ እናቴ በሞተች በሳልስቱ እየዘፈነ ጣሪያ ሲጠግን ዋለ። ያኔ መጥተህ ብታየው 'ጨዋታ ላይ ነው' ትል ነበር።"

"ያንቺ አባት ሌላ ነው" አልኳት። ወጡን አወጣችልኝና ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል ብዙ ጊዜ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ሞንታርቦውንና ጄኔሬተሩን ሊወስድልኝ ራሱ ባለባጃጁ መጣ። ከኋላ ጭነን እኔ ከመሣሪያዎቹ ጋር ተጣጥፌ ተቀመጥኩ። አስፋልቱን ወደ ውጫሌ አቅጣጫ ይዘን ሄድንና ወደ ኮረኮንቹ ታጠፍን። አምባሰል ከፊታችን ደመና ለብሷል፤ ሥሩ ግን ፀሐይዋ ትፋጃለች። የባጃጁ ቴፕ ጠፍቷል። እሱ ወፍራም ጃኬት ለብሶ ዚፑን እስከ አንገቱ ዘግቷል።

"በዚህ ሙቀት ጃኬቱ ምንድነው?"

"ሠርግ አይደል እንዴ?" አለኝ። ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል።

ከመንደሩ ልንደርስ ስንል ፍጥነቱን ቀነሰ። "ጋሼ፣ ሰውየው ሲገባ ያቺን ዘፈኔን ክፈትልኝ። አገጬን ከፍ አደርግልሃለሁ፤ ያኔ ክፈት።"

"ለምን?"

"ለማስታወሻ።"

መልሱ ደስ አላለኝም። ግን ዘፈኗ ፉከራ አይደለችም። ሽማግሌው የከለከሉኝ ፉከራ ነው። እሺ አልኩት።

ዳሱ ሰፊ ነበር፤ በባሕር ዛፍ ቅጠልና በሸራ ተሸፍኗል። ኒካው ታስሯል፤ ሙሽሪትና ሙሽራው ተቀምጠዋል። ሞንታርቦውን በሁለት በኩል አቆምኩ፤ ጄኔሬተሩን ከአጥሩ ውጭ አስነሳሁ። ድምፁን ለመሞከር ቅርብ ያለውን ዘፈን ነካሁ፤ ያቺው የባለባጃጁ ማሲንቆ ነበረች። ገና ከመጀመሯ የሙሽሪት እናት፣ የሟቹ ሚስት፣ የውሃ ጆጉን እንደያዘች እየሮጠች መጣች።

"አጥፋው! በአላህ አጥፋው!"

አጠፋሁት። "ምነው እህቴ?"

"የሞተ ቀን ውሃውን ወደ እርሻው እያዞረ ይቺን ነበር የሚያንጎራጉራት። ከቤት ሆኜ እሰማው ነበር። ከዚያ ቆመች።" ጆጉን ከሞንታርቦው ጎን አስቀመጠች። "ይሄም ወንድሙ እሷን ብቻ ይሰማል። ትናንት ደግሞ 'ሰውየው ፊት አንዴ ሰምቻት ነገሬን እጨርሳለሁ' አለኝ። ምን ማለቱ ነው ወንድሜ? ይቅር እላለሁ ማለቱ ነው አይደል?"

"ነው፣ ነው። አብሽሪ፣ አትፍሪ" አልኳት።

እሷ ስትሄድ ነው የገባኝ። ፉከራውን ሲያስጠፋኝ ቁጣው ያለቀ መስሎኝ ነበር። ያለቀው ጩኸቱ ብቻ ነው። ሰውየው እስር ቤት እያለ እጁ አይደርስበትም፤ ስለዚህ ያስጮሃል። ሲፈታለት ደግሞ ማስጮህ አላስፈለገውም። ይሄን ማየት የነበረበት ሃያ ዓመት የሰው ዘፈን የጫነ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ ለአበጋር "በርዷል" ብዬ መስክሬያለሁ።

ሽማግሌውን ፍለጋ ወጣሁ። "ሰውየውን ሊያመጡ ሄደዋል" አሉኝ። መንገዱን ሳይ ከታች ይመጣሉ። ተመልሼ ዳሱ በር ላይ ልቀድማቸው ብሞክር ሴቶቹ እልልታውን ለቀቁት፤ ሰዉ ሁሉ ተነስቶ ቆመ፤ ማለፊያ አጣሁ። ሠላሳ እርምጃ በማትሞላ ቦታ ከሽማግሌው ጋር ተያየን፤ ፈገግ አሉልኝ። ፈገግታቸው ውስጥ የኔ ምስክርነት ነበረበት።

ገዳዩ ከሳ ያለ፣ አንገቱን የደፋ ሰው ነው። እንደ ደንቡ ባዶ እግሩን ነው የገባው። እጁን ሽማግሌው ይዘውታል። ሌላው እጁ ምን ላይ እንደሚያርፍ አያውቅም፤ አንዴ ደረቱ ላይ፣ አንዴ ጀርባው ላይ ያደርገዋል። ባለባጃጁ ከማዕዱ ወዲያ ብቻውን ቆሟል። የጃኬቱን ዚፕ እስከ ግማሽ አወረደው። ከዚያ ወደኔ ዞሮ አገጩን ከፍ አደረገ።

እጄ ስልኬ ላይ ነበር። ዘፈኑን የምከፍተው ከሱ ነው። ምንም ባልከፍት ዘፈኗን አይጠብቅም፤ ያውቃታል፣ ጆሮው ውስጥ አለች። ብጮህ፣ የሠርግ ሰው ነገሩ እስኪገባው ድረስ ስንት ልብ ይመታል? ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እዚህ አገር የሚፎክርን ሰው ብቻውን አይተዉትም። አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ ገብቶ ክንዱን ይይዘዋል። መያዙ ክብሩ ነው፤ ማንም ሳይዘው የቀረ ፎካሪ ያፍራል። ስለዚህ ለሠርግ ከያዝኩት ሳይሆን ስልኬ ውስጥ ከቀረው፣ ከሁሉ የከፋውን፣ እሱ ራሱ ለዓመታት ያስጮኸውን ፉከራ ፈልጌ እስከ መጨረሻው ድረስ ከፈትኩት።

ዳሱ ተናጋ። ጎረምሶቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ዘለው ተነሱ፤ እግራቸው ለዚያ ድምፅ የለመደ ነው። ሽማግሌው የሳቸው ባልሆነ ድምፅ "ማነው! አጥፋ!" አሉ። እኔ ባለባጃጁን ነው የማየው። መጀመሪያ ፊቱ ግራ ተጋባ፤ የጠበቀው ይሄን አልነበረም። ቀጥሎ ትከሻው ተነሳ። እጁ ወደ ጃኬቱ ሳይሆን ወደ ላይ ሄደ። "የወንድሜ ልጅ!" ብሎ ጮኸ፤ "የወንድሜ ልጅ ዛሬ ተዳረች! የት ነህ! የት ነህ ወንድምዓለም!" እያለ መሬቱን እየመታ ዞረ። ከግራ አንዱ፣ ከቀኝ አንዱ ገቡና እንደ ደንቡ ያዙት። ሲይዙት ጃኬቱ ተከፈተ። ወገቡ ላይ የሻጠው ሽጉጥ ለዳሱ ሰው ሁሉ ታየ።

አንዲት ሴት ጮኸች። ገዳዩን በሸራው ሥር ወደ ጓሮ አወጡት። ባለባጃጁ ክንዱን እንደተያዘ እንደ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ። ሽማግሌው ሄደው ሽጉጡን ከወገቡ አወጡ፤ በነጠላቸው ጠቀለሉት። ከዚያ ወደኔ ዞሩና፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ "ዘፈኑ ነው ያነሳሳው! ሰላም የነበረን ሰው ዘፈኑ ነው ያነሳሳው!" አሉ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሳስታውስ አሁንም ጎኔን ያመኛል። አንዱ ሞንታርቦውን፣ አንዱ ጎኔን ረገጠው፤ ሌላው የጄኔሬተሩን ገመድ በጠሰው። "አንተ ከይሲ!" ያለችኝ ሴት የሙሽራው አክስት መሆኗን ኋላ ነው ያወቅሁት። ማንም ግን፣ አንድም ሰው፣ "ዘፈኑ ከመከፈቱ በፊት ሽጉጡ ወገቡ ላይ ምን ይሠራ ነበር?" ብሎ አልጠየቀም። አስፋልቱ ድረስ በእግሬ ወረድኩ። ባለባጃጅ የነበረኝ አንድ ነው፤ እሱም እያለቀሰ ነበር።

በሳምንቱ ሽማግሌው ሱቄ መጡ። በሩን ገርበብ አድርገው ገቡ።

"አባባ" አልኳቸው፣ "ሽጉጡን ዘፈኑ አላስታጠቀውም።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"ታጥቆ መጣ ብል፣ እርቁ ከመነሻው ሐሰት ነበር ማለት ነው። ያኛው ወገንም ነገ ይታጠቃል። ዘፈን አነሳሳው ስል ግን የሚከሰስ ወገን የለም። ዘፈን ዘመድ የለው፣ ደሜን ብሎ የሚነሳለት የለ። ጥፋቱን ዘፈኑ ይሸከምልኝ።"

"የምሸከመው እኮ እኔ ነኝ እንጂ ዘፈኑ ምን ገዶት?"

"አንተ ነጋዴ ነህ፤ ትችላለህ" አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ሳቃቸው ቶሎ አለቀ። "እሱም ያንኑ አለ። ሰውየው ፊት ቆሞ 'አፉ በሉኝ፤ ዘፈኑ ነው' አለ። ትናንት ከአንድ ማዕድ ቆረሱ።"

"ቆረሱ?"

"ቆረሱ። እያየሁት ጎረሰ። ሲውጥ ግን አላየሁም።" ከዘራቸውን አነሱ። "ሽጉጡ እኔ ጓዳ ነው። ሌላ እንደሌለው ማን ይነግረኛል? ባጃጁ ባንተ በር ነው የሚያልፈው። የታጠቀው ዝም ባለ ጊዜ ነው፤ እስከጮኸ ድረስ ይጩህ፤ ዝም ያለ ቀን ደውልልኝ።"

ከሁለት ቀን በኋላ ባለባጃጁ ራሱ መጣ። ሚሞሪውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው።

"ለምን ፉከራውን ከፈትከው?"

"እጄ ተሳስቶ።"

"እጅህ ሃያ ዓመት አልተሳሳተም።"

"ሃያ ዓመት ሽጉጥ የታጠቀ የሙሽሪት አጎት አልገጠመኝማ።"

እውነቱን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነን፤ ሁለቱ ትንሽዬዋ ሱቅ ውስጥ ነበርን። ባንኮኒው በመካከላችን መኖሩን ያን ጊዜ ወደድኩት።

"በል ጫንልኝ" አለ።

"የቱን?"

"የፈለግከውን። የምትሰማው አንተ አይደለህ?"

ስምንት ጊጋውን በፉከራ ሞላሁት። ለአንድ ዘፈን የሚሆን ቦታ እንኳ እስኪጠፋ ድረስ ሞላሁት። የቴፑ ፊውዝም ተበላሽቶበት ስለነበር አዲስ ቀየርኩለት። "ኦርጅናል ነው?" አለኝ። "የኦርጅናሉ ወንድም ነው" ልል ብዬ ወንድም የሚለው ቃል አፌ ላይ ደረቀ። "ኦርጅናል ነው" አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ለሠርግ የሚጠራኝ የለም። ሰው ሲያየኝ "ያ በፉከራ ሰው ሊያስጨርስ የነበረው" ይላል። ወጣቶች ሚሞሪያቸውን ይዘው ሲመጡ እናቶቻቸው ከኋላ ተከትለው "ፉከራ እንዳትጭንለት" ይሉኛል። እሺ እላለሁ። ልጆቹ ዞረው ይመጣሉ። አስተማሪው ጎረቤቴ በክርክሩ አሸንፈው ተረጋግተዋል። ባጃጁ እየጮኸ በበራችን ባለፈ ቁጥር በቆርቆሮው ወዲያ "ሰማህ? ዛሬም አልተማረም" ይሉኛል። "አብሽሩ ጋሼ" እላቸዋለሁ፤ የያዝኩትን ሥራ አቁሜ ግን ባጃጁ እስኪታጠፍ ድረስ አዳምጣለሁ። ፉከራው ሲያልፍ ደንበኛዬን ወደማስተናገዱ እመለሳለሁ። ዘፈን ሰው ያስገድላል ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ ጎረቤቴን ጠይቅ እላለሁ። የዚህ ሰውዬ ዘፈን ሲጮህ ግን ምሳዬን በሰላም እበላለሁ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ለአንድ ገበሬ ቻርጀር እያሳየሁት የባጃጅ ሞተር ሰማሁ፤ ሞተሩን ብቻ። ቀና ስል እሱ ነው። ከኋላ ሰው የለም። ፊቱን ወደኔ አላዞረም። መታጠፊያው ላይ ወደ ሐይቁ ሳይሆን ወደ ውጫሌ፣ ወደ አምባሰሉ መንገድ ዞረ።

ስልኬን አነሳሁ።

"አባባ፣ እኔ ነኝ።"

"ምን ሰማህ?"

"ምንም አልሰማሁም።"

በዚያኛው ጫፍ ከዘራቸው መሬት ሲነካ ይሰማል። "ያ ረቢ" አሉ። "ሰውየውን ከቤቱ ላስወጣ" ብለው ዘጉት።

ገበሬው ቻርጀሩን እያገላበጠ "ይሄ ነገር ይበረክታል?" አለኝ። በሩ ላይ ቆሜ መንገዱን አያለሁ። ምናልባት፣ እላለሁ ለራሴ፣ ምናልባት ፊውዙ ተቃጥሎበት ይሆናል። ዕቃዬን አውቀዋለሁ፤ ከወር አያልፍም። ስነግድ ስኖር የሸጥኩት ዕቃ ብልሹ እንዲሆንልኝ ዱአ ያደረግሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።